ካድኖ ደህና ነው

ፔንሪው፣ ላንዴሎ፣ ዌልስ
ጃንዋሪ 12 ቀን 1992

ለአክስቴ ልጅ ለሄፊና፤

አዲሱ ዓመት ለአንቺም ለባለቤትሽ ለደንከንም ጤናና ሰላም ይዞ ይግባ። እኛ ቤት የሞተም የታመመም የለም። የመርየል ጉልበት እንደ ወትሮው ነው፤ ወንዙ ከገና ጀምሮ የታችኛውን መስክ እንደያዘ ነው። ከዚህ በላይ ከዌልስ የሚጻፍ ነገር የለም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ውሻዬ ኔል በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች። ሦስት ዓመቷን ልትደፍን ነው። ከዚህ በፊት ላስወልዳት አልፈለግኩም፤ ዕድገቷን ያልጨረሰች ውሻ የሚያስወልድ ሰው ራሱ ዕድገቱን አልጨረሰም። ዳሌዋን ራጅ አስነሥቻለሁ፤ መገጣጠሚያው ደህና ነው። ዓይኗን ካርዲፍ ድረስ ወስጄ አስመርምሬያለሁ፤ ንጹሕ ነው። ወንዱ ከብሬከን ማዶ ያለው የግሪፍ ሞርቲመር ውሻ ነው። የእሱንም ወረቀት አንድ በአንድ አይቻለሁ። ግሪፍ «ሚስቴን ሳገባ እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅኩም» አለኝ። «ተጠይቀህ ቢሆን ኖሮ መች ይሰጡህ ነበር» አልኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከብሪስቶል ደወለ።

«ቀይና ነጭ ስፓንየል ውሻ ትሸጣላችሁ አሉ?»

«ማን አለ?»

«ለልጄ ልደት ነበር። ቅዳሜ መጥቼ ልውሰድ?»

«ቀን ቀን ቤት ማን ይውላል?»

«ማንም። ግን ሰፊ ጋራዥ አለን።»

«እንግዲያውስ መኪና ግዛለት» ብዬ ዘጋሁበት።

መርየል ድንች እየላጠች ነበር። «አንድ ቀን ቅዱስ ጴጥሮስ ራሱ ይደውልና፣ አንተ በር ላይ ነው የምትውለው ብለህ ትከለክለዋለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እከለክለዋለሁ። ቤታችን ከሁለት ውሻ በላይ አይኖርም፤ በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ እናስወልዳለን፤ ቡችሎቹ ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ሲወድቅና መርየል ከሬዲዮው ጋር ስትጣላ እየሰሙ ያድጋሉ። የሚወስዳቸውን ሰው መጀመሪያ እዚያው ወጥ ቤት አስቀምጬ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ነገር ከከበደው በአሥረኛው ዓመትም ቢሆን ውሻውን ለእኛ እንጂ ለሌላ እንዳይሰጥ አስፈርመዋለሁ። እንዲህ ካልሆነ ውሻ ማርባት ሳይሆን መነገድ ነው።

አሁን የምፈልገውን ስሚኝ። አያታችን ለእናቴና ለእናትሽ ካወረሰው ዘር የቀረው እኔ ዘንድ ያለችው አሮጊቷ ቤካና ልጇ ኔል፣ አንቺ ዘንድ ያለው ካድኖ ብቻ ነው። ኔልና ካድኖ የአንድ ማሕፀን ልጆች ናቸው። እሱ ላይ የታየ ነገር እሷም ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። ስለዚህ ኔልን ከማገናኘቴ በፊት የካድኖን ጤና ሙሉ በሙሉ ጻፊልኝ፤ ዳሌውን፣ ዓይኑን፣ ቆዳውን፣ ጠባዩን። «ደህና ነው» ሪፖርት አይደለም። ይህን ካደረግሽ ዓመት ሙሉ የለመንሽኝን እፈጽማለሁ። የካድኖ ልጆች በዘር መዝገብ እንዳይገቡ ወረቀቱ ላይ ያኖርኩትን እገዳ አነሣልሻለሁ።

ሰላምታዬ ለሁላችሁ ይድረስ።

የአክስትሽ ልጅ ኤምሊን

*

ጎር አቅራቢያ፣ ሳውዝላንድ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1992

ለወንድሜ ለኤምሊን፤

ቤትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። ለመርየል ጉልበት ምሕረቱን ያውርድ፤ ለአንተም ምላስ እንደዚሁ። እኛ በጋ ላይ ነን። ደንከን በጎቹን ሸልቶ ጨርሶ ወገቡን ይዞ ይሄዳል፤ «ከእንግዲህ እኔን ሸልቱኝ» ይላል።

የዓይኑንና የዳሌውን ወረቀት አያይዤልሃለሁ። ሁለቱም በሴፕቴምበር የተደረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ያማሩ ናቸው። ካድኖ ደህና ነው። ይበላል፣ ይሮጣል፣ ዳክዬ ሲያይ ያብዳል። ቆዳው ንጹሕ ነው። ጠባዩን ከጠየቅከኝ ከዘመዶቼ ሁሉ የተሻለ ነው።

ስለ ወረቀቱ እገዳ አታስብ። ዓመት ሙሉ እንደ ዝንብ ጆሮህ ላይ ስጮህ እንደከረምኩ አውቃለሁ። አሁን ግን ጊዜም የለኝም፣ ቸኩዬም አይደለሁ። ተወው። ይልቅ ኔል ሴት ከወለደች አንዷን አስቀምጥልኝ፤ ቤቱ ውስጥ አዲስ ነገር ቢገባ ደስ ይለናል።

ሌላ ወሬ የለም። የደንከን የበግ ውሻ ፍሎ በገና ሰሞን ካድኖን ጆሮው ላይ ነክሳው ሐኪሙ ሰፋው። አሁን በተለያየ ክፍል ነው የምናሳድራቸው። አርጅታ ነጭናጫ ሆናለች መሰለኝ፤ ወደፊት እኛም እንደዚያው ነን።

ደህና ሁንልኝ።

ሄፊና

*

ፔንሪው
ማርች 8 ቀን 1992

ለአክስቴ ልጅ ለሄፊና፤

ሰላምና ጤና ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ወረቀቶቹ ጥሩ ናቸው። «ደህና ነው» ያልሽውን ቃል ይዤ ኔልን ባለፈው ወር መጨረሻ ወደ ግሪፍ ወሰድኳት።

ግሪፍ ግቢውን ጠርጎ ቆየን። ውሾቹ ሲተዋወቁ እኔ የሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን ይዤ ቆሜያለሁ። «ኤምሊን፣ ወረቀቱን ኪስህ ክተት፤ እነሱ ማንበብ አይችሉም» አለኝ። ሁለት ቀን አሳልፈን ደገምን። ስንመለስ ኔል መንገዱን ሙሉ አንኮራፋች። ከተሳካ በኤፕሪል መጨረሻ ትወልዳለች።

ያልገባኝ ነገር አለ። በዚህ አገር ጠበቃ እንኳ የአንቺን ያህል በአንድ ጉዳይ ላይ ደብዳቤ አይጽፍም። እገዳውን አንሣልኝ፣ በአጠገባችን ጥሩ ሴት አለች፣ ዘሩን እዚህ እንትከል፣ አልሽ። አሁን ልፈርም ብዕር ሳነሣ ተወው አልሽኝ። ወረቀቱን ፈርሜ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ላክልኝ ካልሽ እልካለሁ።

ደግሞ ስለ ፍሎ። ያቺ ውሻ ከካድኖ ጋር አንድ ጨርቅ ላይ ነበር የምትተኛው፤ ፎቶውን ልከሽልኝ መርየል ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። እርጅና ውሻን ያነጫንጫል፤ ግን እስከ መስፋት የሚያደርስ ንክሻ ሌላ ነገር ነው። ምግብ ላይ ነው የተጣሉት? ምን ሲያደርግ ነከሰችው? ጻፊልኝ።

መርየል ሰላም ብላሻለች።

ኤምሊን

*

ፔንሪው
ኤፕሪል 28 ቀን 1992

ለአክስቴ ልጅ ለሄፊና፤

ጤናሽን እንደምታስታውቂን ተስፋ አለኝ፤ ለማርቹ ደብዳቤ መልስ አልደረሰኝም።

ኔል እሑድ ጠዋት ወለደች። ሰባት ነበሩ። የመጨረሻው ሳይተነፍስ ወጣ። በፎጣ አሸሁት፣ አፉን ጠረግኩ፣ አንገቱን ደግፌ ወደ ታች አወዛወዝኩት። መርየል «ይበቃል ኤምሊን» እስክትለኝ ድረስ ይዤው ነበር። ከፖም ዛፉ ሥር ቀበርኩት። ስድስቱ ወፍራም ናቸው፤ ሁለት ሴት፣ አራት ወንድ። ኔል ከሣጥኑ አትወጣም፤ ምግቧን እዚያው በእጄ ነው የማበላት።

ለሁሉም የሚወስዳቸው ሰው አለ። አንዳንዶቹ ከቤካ የመጨረሻ ወሊድ ጀምሮ የጠበቁ ናቸው። ትናንት ከስዋንሲ አንድ ጡረተኛ የማዕድን ቆፋሪ፣ ዊን ሌሲ የሚባል፣ ከነሚስቱ መጣ። ጥያቄዬን ጠይቄ ስጨርስ፣ «እኔም አንድ ልጠይቅ» አለ። «ጠይቁ» አልኩት። «ውሻው እኛን ካልወደደን ማን ዘንድ ነው የሚመልሰን?» ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ወደድኳቸው።

ለአንቺ ግንባሯ ላይ ነጭ መስመር ያላትን መርጫለሁ። የአያታችን ውሾች እንዲህ ያለ ግንባር ነበራቸው። የአውሮፕላኑን ጉዳይ ከአሁኑ ልጀምር?

ጻፊ።

ኤምሊን

*

ጎር አቅራቢያ
ሜይ 3 ቀን 1992

ለወንድሜ ለኤምሊን፤

እግዚአብሔር ለኔል በሰላም መገላገልን ይስጣት፤ ይህ ሲደርስህ ወልዳ ይሆናል። ስለ ዘገየሁ አትቀየመኝ።

ያቺን ሴት ቡችላ አትላክልኝ። ለሌላ ስጣት። እዚህ ክረምት እየገባ ነው፣ ደንከንም ደክሟል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእናትህ የመጨረሻዋ ውሻ፣ የቤካ እናት፣ ወንዝ ውስጥ ሞታ ተገኘች ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም። አሁን ግን በሐሳቤ ትመጣለች። በበጋ ነበር አይደል? ውሃው ጉልበት አይደርስም ነበር። ስፓንየል እንዲህ ባለ ውሃ ይሰጥማል ወይ?

መልስ ባትሰጠኝም ግድ የለም።

ሄፊና

*

ፔንሪው
ሜይ 14 ቀን 1992

ለሄፊና፤

ደህና መሆንሽን እመኛለሁ።

እገዳውን ተወው አልሽ። ቡችላዋን አትላክ አልሽ። ስለ ፍሎ ጠየቅኩሽ፤ አልመለስሽም። ስለ ወንዙ ጠየቅሽኝ። ደብዳቤዎችሽን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ለመርየል አነበብኩላት። ሹራብ ሥራዋን አስቀምጣ፣ «ውሻ የሚያውቀውን ውሻ መቼ ነው ዘሎ የሚነክሰው?» አለችኝ። እኔም የማውቀውን ነው የጠየቀችኝ። ወድቆ ሲንፈራገጥ ነው። ያን ጊዜ ጓደኛው አያውቀውም።

ካድኖን ይጥለዋል ወይ? አዎ ወይም አይደለም ብለሽ ጻፊልኝ። ቡችሎቹ ዓይናቸውን ገልጠዋል።

ኤምሊን

*

ጎር አቅራቢያ
ሜይ 23 ቀን 1992

ለኤምሊን፤

አዎ።

ከኖቬምበር ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው እሑድ ምሳ እንደ በላን ነበር። ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ ሳለ እግሮቹ ወለሉን መቅዘፍ ጀመሩ። ሕልም የሚያይ መስሎን ደንከን ሳቀ። ከዚያ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ሽንቱ አመለጠው። ሲነሣ አላወቀንም። ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ክፍሉን ዞረ። ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥቶ ራሱን ጭኔ ላይ ጣለ። ፍሎ የነከሰችው ሌላ ጊዜ ነው፣ መርየል እንዳለችው ነው።

ሐኪሙ ደሙን መረመረ፤ መርዝ በልቶ እንደሆነ፣ ጉበቱ ታሞ እንደሆነ ፈለገ። ምንም የለም። ምንም ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። በደም የሚመረመር ነገር አይደለም፤ ሰው ካልተናገረ በቀር የትም አይታይም። አሁን ጠዋትና ማታ ክኒን ይውጣል። ደንከን ጠረጴዛውን አውጥቶ በግድግዳው ዙሪያ አሮጌ ፍራሽ አቁሟል። የምንበላው ቆመን ነው።

ኔልን ከማገናኘትህ በፊት ጠይቀኸኛል። ጠይቀኸኝ ዋሸሁህ። ለምን እንደሆነ ግን ንገሪኝ ብትል እነግርሃለሁ፤ ባትልም እነግርሃለሁ።

ለጉብኝት የመጣሁበትን የ1979ኙን የውሻ አርቢዎች ማኅበር ስብሰባ ታስታውሳለህ? ጎረቤትህ ሽማግሌው ቱዶር ቤቫን ውሻው እንደሚጥለው የነገረህ በአጥር ላይ፣ እንደ ወዳጅ ነበር። በሳምንቱ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመህ የሱንም የውሻውንም ስም ጠራህ። ትክክል ነበርክ። አንተ ሁልጊዜ ትክክል ነህ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ሊወጣ ሲል ባርኔጣውን መፈለግ ጀመረ። ወንበር ላይ ፈለገ፣ ወንበር ሥር ፈለገ። ባርኔጣው ጭንቅላቱ ላይ ነበር። ማንም አልነገረውም። ከዚያ በኋላ ውሾቹን ሁሉ አስገደላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ምን ነገረህ? እስቲ አስበው። በዚህ ሁሉ ዓመት በመላው ዌልስ አንድ ውሻ አልታመመም? ሁሉም «ደህና ነው» ይሉሃል፤ እኔም አልኩህ። የአያታችን ዘር በእኔ ደብዳቤ እንዲያልቅ አልፈለግኩም። ይሻለው ይሆናል እያልኩ አንድ ወር፣ ደግሞ አንድ ወር ቆየሁ። አሁን በአንተ ወጥ ቤት ውስጥ ስድስት ናቸው።

ለማልቀስ ሞክሬ ነበር፤ አልመጣልኝም። በግ ስናርድ የምንይዘውን ፊት ይዤ ነው የምጽፈው።

ሄፊና

*

ፔንሪው
ጁን 14 ቀን 1992

ለአክስቴ ልጅ ለሄፊና፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት ቡችሎቹን ምግብ ማስለመድ ጀምረን ነበር። አነበብኩት፤ ከዚያ ሳህኖቻቸውን አጠብኩ።

ስለ ቱዶር ቤቫን የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

መርየል ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀኝ ዋለች። በመጨረሻ «ጩኸቱ የት አለ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። በክረምት ውሃ ውስጥ የቆየ እጅ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ቢቆርጡትም ያው ነው።

ቡችላ ለሚጠብቁት ሁሉ ደወልኩ። አንዲት የካርማርተን መምህርት ሰምታኝ ስታበቃ፣

«ልጄ ስም አውጥታለታለች እኮ» አለች።

«አዝናለሁ።»

«ይታመማል ማለት ነው?»

«አላውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ምንም ላይነካው ይችላል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ወጥ ቤትሽ ውስጥ ሊወድቅም ይችላል። የእናቱን ወንድም ጥሎታል።»

«ካላወቁ ለምን ነገሩኝ ታዲያ?»

«የማላውቀውን አይደለም የነገርኩሽ። የማውቀውን ነው።»

ስልኩን አስቀመጠች። አልመጣችም። ሌሎች ሁለትም ቀሩ። አንዱ «እስካሁን የት ነበሩ?» ብሎ ሰደበኝ፤ ስድቡን እስኪጨርስ ስልኩን ያዝኩለት። ዊን ሌሲ ግን፣ «እኔንም አርብ አርብ ይጥለኛል፤ ሚስቴ እስካሁን አልመለሰችኝም» አለ። ከጀርባው «ዘንድሮ እመልስሃለሁ!» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ሴትዮዋ ስልኩን ተቀብላ ሲጥለው ምን እንደሚደረግ ጠየቀችኝ። አትንኩት፣ አፉ ውስጥ እጅ አትክተቱ፣ መብራት ቀንሱ፣ እስኪነሣ ጠብቁ አልኳት። እየደገመች ጻፈችው። የሚወስዱት ሁሉ እንደማያስወልዱ ፈርመዋል። ያልተወሰዱት ሦስቱ እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀራሉ። ሁለት ውሻ ብቻ ይኖርበት የነበረው ቤት አሁን አምስት ሆኗል።

ለግሪፍም በአካል ሄጄ ነገርኩት፤ ውሻው የእነዚህ አባት ነውና። በርጩማ አወጣልኝ።

በሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ስብሰባ አለ። ልናገር ነው። ስለ ቤካ፣ ስለ ኔል፣ በወንዙ ስለ ሞተችው። ካድኖ ግን የአንቺ ነው። ስሙን ልጥራ ወይስ አልጥራ? አትጥራ ካልሽ አልጠራም።

ኤምሊን

*

ጎር አቅራቢያ
ጁን 25 ቀን 1992

ለወንድሜ ለኤምሊን፤

እግዚአብሔር ቀኖችህን ያቅልልህ።

ስትፈልገው የነበረው ሪፖርት ይኸውና። ክኒኑ ያደነዝዘዋል፤ ደረጃ ሲወጣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ወፍሯል። የሚጥለው ቀንሷል እንጂ አልተወውም። ባለፈው ሳምንት አስኮላሽተነዋል። ዳክዬ ሲያይ ቆም ይልና የረሳውን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ያያታል። ደንከን «እኔና እሱ አንድ ላይ ነው ያረጀነው» ይላል፤ ካድኖ ግን ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

መጠየቅህ ገርሞኛል። ደብዳቤህን ለደንከን ሳነብለት «ጠየቀሽ?» ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ስሙን ጥራ። የእኔንም ጥራ። እንደ ዋሸሁም ተናገር፤ የዋሸ ሰው ያን አዳራሽ የሞላው ይመስለኛል።

ሄፊና

*

ፔንሪው
ጁላይ 26 ቀን 1992

ለአክስቴ ልጅ ለሄፊና፤

ለአንቺም ለደንከንም ለካድኖም ጤና ይስጥልኝ። እኛ አለን።

ስብሰባው ባለፈው ቅዳሜ ነበር። ጸሐፊው ስለ ሻይ ወጪ፣ ስለ ዓመታዊው ትርኢት ድንኳን ሲያወራ ቆየ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። የእኔ ውሾች ዘር በሚጥል በሽታ እንደ ተነካ፣ የኒውዚላንዱ ካድኖ እንደሚጥለው፣ አያቱም ጉልበት በማይደርስ ውሃ የሞተችው በዚሁ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ይህን ሳላውቅ ኔልን እንዳስወለድኩ ተናገርኩ። የአንቺንም ስም ጠራሁ። መዋሸትሽን አልተናገርኩም፤ ዘግይቶ ደረሰኝ ነው ያልኩት። ይህን አስቤበት ያልኩት አይደለም፤ ስደርስበት እንዲያ ሆኖ ወጣ። ከእንግዲህ ከእኔ ቤት የሚወለድ የለም አልኩና ተቀመጥኩ። ማንም አልጠየቀም። ጸሐፊው «እናመሰግናለን» ብሎ ወደ ድንኳኑ ወሬ ተመለሰ።

ስወጣ ዝናብ ነበር። የመኪናዬን በር ስከፍት ኦልዌን ፒው ከኋላ መጣች። ከቢልዝ ከተማ ናት፤ ውሾቿን በትርኢት ላይ ባየኋቸው ቁጥር አንድ እንከን የማወጣባት ሴት። ጃንጥላ አልያዘችም።

«ኤምሊን፣ የሰው ውሻ ሲሆን ድምፅህ ጣራ ይነካ ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ከኋላ የተቀመጥነው ግማሹን አልሰማንህም።»

«የትኛውን ግማሽ?»

«ይበቃኛል፣ የቀረውን እኔም አውቀዋለሁ። የእኔንም ሁለቱን ይጥላቸዋል። ሦስት ዓመት ሆነ። እናታቸውን ወዲያው አመከንኳት፤ ቡችላ ለወሰዱት ሁሉ ነገርኩ። ለአንተ ብቻ ነው ያልነገርኩህ።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን ትላለህ?» አለችና ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ንገር። ስሜን ከነጓዙ ንገር።»

ከእሷ በኋላ ሌሎች ሁለት መጡ። አንዱ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። ስማቸውን እንዳልጠራ ለመኑኝ። አልጠራም። የአንደኛውን ውሻ ከአራት ዓመት በፊት ለቤካ ልጠቀምበት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ይህንም ሰምቼ አልጮህኩም። ቤት ገብቼ ለመርየል ስነግራት ሾርባ ጨለፈችልኝ፤ በላሁ፤ ምን ሾርባ እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም።

ኔል ማክሰኞ መከነች። ሆዷ የተላጨበት ቦታ ሮዝ ሆኗል። ቡችሎቿ ሊጠቧት ሲመጡ ተነሥታ ወደ በሩ ትሄዳለች። በዚህ አበቃ። ከአያታችን ወዲህ ያለው ሁሉ ማለቴ ነው። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሐኪሙ ቤት በራፍ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ግን የመኪናዬን ቁልፍ የት እንዳደረግኩት ብቻ ነው።

ትናንት ወይዘሮ ትራንተር ደወሉ። የሽሮፕሺር ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከእኛ ቡችላ ሲጠብቁ ቆይተዋል። በዚህ ወሊድ ለእሳቸው ስላልደረሰ ከሚቀጥለው እሰጥዎታለሁ ብዬ ነበር። እንደማይኖር ነገርኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው።

«ወይ ጉድ» አሉ። «ከእርስዎ ሌላ ማንንም አላምንም እኮ። እንግዲህ ወደ ማን ልሂድ?»

በማኅበሩ ውስጥ ያሉትን ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ። ዋንጫ ያላቸውን፣ ወረቀታቸው ያማረውን፣ ሁልጊዜ ሁሉም ደህና ነው የሚሉኝን። ከዚያ የኦልዌን ፒውን ስም ሰጠኋቸው።

«የእሷ ውሾች ጤነኞች ናቸው?»

«ሁሉም አይደሉም።»

«ታዲያ ለምን ወደ እሷ ይልኩኛል?»

«የትኞቹ እንዳልሆኑ ትነግርዎታለች።»

የወረቀት ድምፅ ሰማሁ፤ ብዕር የሚፈልጉ ይመስለኛል። ከዚያ «ቁጥሯን ይበሉኝ» አሉ።

መርየል ሰላም ትልሻለች። ስለ ካድኖ መጻፍሽን አታቋርጪ።

የአክስትሽ ልጅ
ኤምሊን